የትልልቅ መርከብ ሞተሮች የሲሊንደር ዘይት አመጣጠን፦ ብረቱ በሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ለምን ከፍ አለ?

ጠያቂ፦ ሁለተኛ መሐንዲስ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች።

የምሠራበት መርከብ ዋና ሞተር ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት፣ ዝግተኛ ዙር ሞተር ሲሆን ሙሉ ኃይሉ 10,000 ኪሎዋት ነው። መርከቡ ሰልፈሩን ከጭሱ የሚያጥብ የጭስ ማጠቢያ ስለተገጠመለት የምናቃጥለው ሰልፈሩ 2.6 በመቶ የሆነ ከባድ ነዳጅ ነው፤ የሲሊንደር ዘይታችን ቤዝ ነምበር (አሲድን የማምከን አቅሙ መለኪያ) ደግሞ 100 ነው። ዘይቱን መጥኖ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ኤሌክትሮኒክ ሉብሪኬተር ነው። የዘይቱ መጠን ከነዳጁ ሰልፈር ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ እንዲል ስለተደረገና ማባዣው (የሰልፈሩ በመቶኛ የሚባዛበት ቁጥር) 0.30 ላይ ስለተቀመጠ፣ በስሌት የሚወጣው 0.78 ግራም በኪሎዋት ሰዓት ነው።

ላለፉት ስድስት ሳምንታት በሞተሩ ሙሉ ኃይል 40 በመቶ (ጭነት የምለው ይህን ነው) ብቻ ስንጓዝ ቆይተናል። ከፒስተኖቹ ሥር ተጠርጎ ከሚወርደው ዘይት ናሙና ወስደን ወደ ላቦራቶሪ ልከን ነበር፤ ውጤቱም ደርሶናል። በ1፣ በ3፣ በ4 እና በ5 ቁጥር ሲሊንደሮች በዘይቱ ውስጥ የተገኘው ብረት ከ140 እስከ 170 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም፣ የተረፈው ቤዝ ነምበር ደግሞ ከ31 እስከ 35 ነው። በ2 ቁጥር ግን ብረቱ 340፣ የተረፈው ቤዝ ነምበር 13 ብቻ ሆኗል። በ6 ቁጥር ብረቱ 390 ሲደርስ ቤዝ ነምበሩ 36 ላይ ነው።

ያስቸገረኝ ሁለት የሚቃረኑ ምክሮች መቀበሌ ነው። ቢሮ ያሉት ኃላፊዎች የአራቱን ሲሊንደሮች ውጤት አይተው፣ ዘይቱ ስለሚባክን ማባዣውን ወደ 0.25 ዝቅ አድርጉት ይላሉ። ዋና መሐንዲሳችን ደግሞ የሁለቱን ሲሊንደሮች ብረት አይተው በሁሉም ላይ ወደ 0.36 ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ። ነገ ውሳኔ ላይ መድረስ አለብን። ይህን ውጤት እናንተ እንዴት ታነቡታላችሁ?

መልስ 1፦ የሞተር ክፍል

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ከነቁጥሩ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። በእኔ እምነት ሁለቱም ምክሮች የሚስቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ስድስቱን ሲሊንደሮች እንደ አንድ ሲሊንደር ይቆጥራሉ።

ብረትና ቤዝ ነምበር ተነጣጥለው ሊነበቡ አይገባም። ብረቱ ላይነሩ (የሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ) ወይም ሪንጉ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) እየተበላ መሆኑን ይነግረናል፤ የሚበላው ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ይህን ወደ መለየት የሚያቀርበን የተረፈው ቤዝ ነምበር ነው። በ2 ቁጥር ሲሊንደር ዘይቱ አሲዱን የማምከን አቅሙን ጨርሶ ወደ 13 ወርዷል፤ ብረቱም ጨምሯል። ይህ የቀዝቃዛ ዝገት ምልክት ነው። በ6 ቁጥር ግን ቤዝ ነምበሩ 36 ስለሆነ ዘይቱ ገና ብዙ አቅም ይዞ ነው የወረደው። ስለዚህ እዚያ ብረቱን ያመጣው አሲድ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል።

ስለ ቀዝቃዛ ዝገት ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ዝቅ ባለ ጭነት ለረጅም ጊዜ የሚጓዝ ሁሉ የሚያጋጥመው ነገር ነው። በነዳጁ ውስጥ ያለው ሰልፈር ሲቃጠል አብዛኛው ወደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ያልፍና ከቃጠሎው ከሚወጣው የውሃ ተን ጋር ተዋሕዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። የላይነሩ ግድግዳ ከአሲዱ የጤዛ ነጥብ በታች ሲቀዘቅዝ አሲዱ እንደ ጤዛ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር የጤዛው ነጥብም ከፍ ይላል። ጭነት ሲቀንስ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፤ ለዚህ ነው በዝግታ የሚጓዝ ሞተር በአሲድ የበለጠ የሚጠቃው። ስለዚህ የዘይቱን መጠን ከመንካትዎ በፊት ከላይነሩ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይመልከቱ። አምራቹ ከፈቀደው ክልል ወደ ላይኛው ጫፍ፣ በብዙ ሞተሮች ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ተጠግቶ መቆየት አለበት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። አንድ ግራም ባለ 100 ቤዝ ነምበር ዘይት ሊያመክን የሚችለው ወደ 28.6 ሚሊ ግራም ሰልፈር የያዘ አሲድ ነው። በእናንተ 0.78 ግራም ሲባዛ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 22 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። በሌላ በኩል ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 170 ግራም ነዳጅ ይቃጠላል ብንል፣ 2.6 በመቶው 4,420 ሚሊ ግራም ሰልፈር ነው። ዘይቱ ሊሸከም የሚችለው ከዚህ ውስጥ ግማሽ በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ማለት ነው። ከሰልፈሩ አብዛኛው ከጭሱ ጋር ስለሚወጣ ይህ በቂ ሆኖ ይገኛል፤ በቂ የሚሆነው ግን ዘይቱ አሲዱ ካረፈበት ቦታ ላይ በትክክል ከደረሰ ነው። የላይነሩ አንድ ጎን ዘይት ሳይደርሰው ከቀረ፣ በማሳያው ላይ የሚታየው 0.78 ለዚያ ጎን አንዳች አይጠቅመውም። ያ ቁጥር የስድስት ሲሊንደሮችና የብዙ መርጫዎች (ዘይቱን ወደ ላይነሩ የሚረጩ አፎች) አማካይ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን 2 ቁጥርን የማየው በማባዣው ሳይሆን በመርጫዎቹ በኩል ነው። ሞተሩ ሲቆም እያንዳንዱን መርጫ በእጅ እያስረጩ በአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹ በኩል ይመልከቱ። አሲድ የበላው ላይነር የሚታወቅ መልክ አለው፦ በሁለት መርጫዎች መካከል ያለው ክፍል ደብዝዞና ሻክሮ ሲታይ፣ በመርጫዎቹ አካባቢ ያለው ግን ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። የላይነሩ ውስጥ ዙሪያ ሲለካ የአበባ ቅጠል የመሰለ ቅርጽ የሚያወጣውም ለዚህ ነው።

መልስ 2፦ ናሙና

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። እኔ ለመጨመር የምፈልገው ስለ መለኪያው እምነት ነው። ማሳያው 0.78 ይላል፤ ይህ ግን ታዝዞ የነበረው እንጂ የሄደው አይደለም። የሄደውን የሚነግራችሁ ታንኩ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 4,000 ኪሎዋት በ24 ሰዓት 96,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ0.78 ሲባዛ ወደ 75 ኪሎ ግራም ዘይት በቀን ይሆናል። ዘይቱ በ15 ዲግሪ ጥግግቱ 0.93 ነው ብንልና የታንኩ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢሆን፣ ጥግግቱ ወደ 0.914 ስለሚወርድ በቀን 82 ሊትር ገደማ መውረድ አለበት። ብዙዎች የሙቀቱን እርማት ይዘነጉታል፤ ሁለት በመቶ ያህል ያሳስታል። በአንድ ቀን ንባብ አትተማመኑ፤ የመርከቡ መዋዠቅ ብቻውን ጥቂት ሊትሮችን ያሳስታልና። በተመሳሳይ ጭነት 5 ቀን ለኩ፤ 410 ሊትር ልታገኙ ይገባል። አንሶ ከተገኘ የሆነ መስመር ዘይት እያደረሰ አይደለም።

ስለ ናሙናው ራሱም ልጠይቅ። የመውረጃ ቧንቧውን በደንብ አፍስሳችሁ አሮጌውን ዘይት ካስወገዳችሁ በኋላ ነው የቀዳችሁት? ጭነቱስ ከናሙናው በፊት ለበርካታ ሰዓታት ሳይለዋወጥ ቆይቷል? ከዚህ ሌላ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ዚንክ ተለክቶ ከሆነ ተመልከቱት። የሞተሩ የውስጥ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ አለው፤ የሲሊንደር ዘይት ግን የለውም። በ2 ቁጥር ዚንኩ ከፍ ካለ ስተፊንግ ቦክሱ (በፒስተኑ ዘንግ ዙሪያ ሁለቱን ዘይቶች የሚለየው ማሸጊያ) እያፈሰሰ ናሙናውን አቅጥኖታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቤዝ ነምበሩ ከእውነቱ ያነሰ፣ ብረቱም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይነበባል፤ 340 የተባለው በትክክል ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በመርከብ ላይ ብረት የምትለኩበት መሣሪያ በማግኔት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በእሱ ብቻ አትወስኑ። በፍትጊያ የተፋቀ ብረት ማግኔት ይስበዋል፤ አሲድ አሟሙቶት ወደ ጨውነት የተለወጠውን ብረት ግን መሣሪያው አያየውም። ዝገቱ እየበረታ መሣሪያው ዝቅተኛ ቁጥር የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ እኔ ራሴ በዚህ ተታልዬ ሁለት ወር ያህል አንድ ላይነር ሲበላ ሳላውቅ ቆይቻለሁ።

ስለ 6 ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ ፒስተኑ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው መቼ ነው? አሉሚኒየምና ሲሊከኑስ ስንት ነው? ከነዳጁ ጋር የሚመጣው ጠጣር ብናኝ ሪንጉንና ላይነሩን እንደ አሸዋ ይሞርዳል። በነዳጅ መስፈርቱ ሁለቱ ተደምረው ሲረከቡት እስከ 60 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ይፈቀዳሉ፤ ሞተሩ ላይ ሲደርስ ግን ከ15 በታች እንዲሆኑ ማጣሪያዎቹ ጠንክረው መሥራት አለባቸው። ነገር ግን ችግሩ ከነዳጁ ቢሆን ኖሮ ስድስቱም ሲሊንደሮች ላይ በታየ ነበር።

መልስ 3፦ ዝግተኛ ዙር

እኔ ደግሞ ዋና መሐንዲሱ ስላሰቡት ጭማሪ ስጋቴን መግለጽ እፈልጋለሁ። ዘይት መጨመር ሁልጊዜ ጥንቃቄ ይመስለናል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። አሲድ ያላገኘው የዘይቱ አልካላይ ውሎ አድሮ የካልሲየም ደለል ሆኖ በፒስተኑ አናት ዙሪያ ይጋገራል። የተጋገረው ደለል ላይነሩን እየፋቀ እንደ መስተዋት ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ላይነር ዘይት አይዝም፤ ዘይት ያልያዘ ላይነር ደግሞ ይላጣል።

ይህን የተማርኩት በራሴ መርከብ ነው። ከጃንዋሪ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ደንብ የነዳጅ ሰልፈር ወሰን ከ3.50 ወደ 0.50 በመቶ ሲወርድ፣ እኛ የጭስ ማጠቢያ ስላልነበረን ወደ አዲሱ ነዳጅ ተሻገርን። በታንኩ ውስጥ ባለ 100 ቤዝ ነምበር ዘይት ተርፎን ነበርና እስኪያልቅ እንጠቀምበት ተባለ። መጠኑን ደግሞ ለጥንቃቄ ሲባል ከሚያስፈልገው በላይ አድርገን ያዝነው። የናሙናው ብረት ዝቅተኛ፣ ቤዝ ነምበሩ እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ሁላችንም ተደሰትን። በሦስተኛው ወር በአየር ቀዳዳው በኩል ስመለከት የፒስተኑ የላይኛው ጠርዝ በጠንካራ ነጣ ያለ ግግር ተሸፍኖ፣ ከግግሩ ትይዩ ያለው ላይነር እስኪያብለጨልጭ ለስልሶ አገኘሁት። አንዱ ላይነር ከጥቅም ውጪ ሆነ። ለዚያ ነዳጅ ቤዝ ነምበሩ 40 ወይም ከዚያ በታች የሆነና ጥሩ የማጽዳት ኃይል ያለው ዘይት ነበር የሚያስፈልገው። እናንተ ሰልፈሩ 2.6 የሆነ ነዳጅ ስለምታቃጥሉ የእናንተ ሁኔታ ከዚህ የራቀ ነው፤ ሆኖም አራቱ ሲሊንደሮች ጤነኛ ሆነው ሳለ ለሁለቱ ብላችሁ በሁሉም ላይ እንዳትጨምሩ እለምናችኋለሁ።

ጭነት ዝቅ ሲል መጠኑ በምን ሕግ እንደሚቀንስም አጣሩ። በድሮዎቹ ሜካኒካል ሉብሪኬተሮች ዘይቱ ከዙር ጋር ብቻ ነበር የሚሄደው። የሞተሩ ኃይል ግን በፕሮፔለር ሕግ መሠረት ከዙሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ዘይቱ ግን ወደ ግማሽ ብቻ ስለሚወርድ በኪሎዋት ሰዓት ሲሰላ አራት እጥፍ ይሆናል። የአሁኖቹ ከጭነት ጋር ስለሚሄዱ ይህን አስቀርተዋል። በብዙዎቹም በአንድ ምት የሚረጨው ልክ አይለወጥም፤ የሚለወጠው በየስንት ዙሩ እንደሚረጭ ነው። ጭነቱ በጣም ሲወርድ፣ በብዙ ሞተሮች ከ25 በመቶ በታች ሲሆን፣ ወደ ዙር ሕግ ይመለሳሉ። እናንተ 40 በመቶ ላይ ስለሆናችሁ አሁንም በጭነት ሕግ ውስጥ ናችሁ።

ጠያቂ፦ ሁለተኛ መሐንዲስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዋና መሐንዲሳችን መልሶቻችሁን አንብበው፣ ውሳኔውን ለአንድ ሳምንት አዘግይተን መጀመሪያ እንድንለካ ፈቀዱ። ያገኘነውን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በ5 ቀን ከታንኩ የወረደው 387 ሊትር ነው፤ በስሌቱ ከሚጠበቀው 23 ሊትር ይጎድላል። መልሕቅ ጥለን ሞተሩ እንደቆመ የ2 ቁጥርን ስድስት መርጫዎች አንድ በአንድ አስረጨናቸው። አራቱ በደንብ ረጩ። በግራ በኩል ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ግን ምንም አላወጡም። ፈተን ስናያቸው ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዙት ቫልቮች በትክክል አይዘጉም፤ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ቧንቧው እየተመለሰ ዘይቱን አክስሎት፣ ውስጡ ጥቁር ሙጫ መሰል ነገር ተጋግሯል። በእጄ ጣት ስነካው እንደ ደረቀ ሬንጅ ይሰባበር ነበር። ማንቂያ ያልሰማነው የእኛ ሉብሪኬተር የራሱ ዋና ፒስተን መንቀሳቀሱን ብቻ ስለሚቆጥር እንጂ በየመስመሩ ዘይት መድረሱን ስለማያይ ነው። ሁለት መርጫ ከ36ቱ ሲሰላ ከጎደለው 23 ሊትር ጋር ይገጥማል።

በአየር ቀዳዳው በኩል መብራት አስገብቼ ስመለከት ከሁለቱ መርጫዎች በታች ያለው የላይነር ገጽ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ደብዝዞ፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉት ሆኖ ታየኝ። የቀረው ዙሪያ ግን የመፍጫው ስስ መስመሮች ሳይጠፉ፣ በዘይት ረጥቦ ነበር። ዚንኩ ዝቅተኛ ስለሆነ ስተፊንግ ቦክሱ አያሳስብም። የማቀዝቀዣው ውሃ መውጫ ግን 78 ዲግሪ ላይ ነበር፤ መቆጣጠሪያ ቫልቩን አስተካክለን ወደ 86 አድርሰነዋል።

ስለ 6 ቁጥር ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ፒስተኑ ወጥቶ አዳዲስ ሪንጎች ከተገጠሙለት ናሙናው እስከተወሰደበት ቀን 260 ሰዓት ብቻ ነበር። እኔ ወደዚህ መርከብ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ መዝገቡን ሳላገላብጥ ጠየቅኋችሁ። አሉሚኒየምና ሲሊከኑ ከሌሎቹ ሲሊንደሮች የተለየ አይደለም። ይባስ ብሎ፣ አዳዲስ ሪንጎች በሚላመዱበት ጊዜ ሊሰጠው ይገባ የነበረው ጭማሪ ለዚህ ሲሊንደር ለብቻው አልተሞላለትም፤ እንደ ሌሎቹ በ0.78 ሲሠራ ነው የቆየው። አሁን በአምራቹ መመሪያ ላይ ለዚህ ጊዜ የተቀመጠውን መጠን ለእሱ ብቻ ሞልተናል።

ቀጥሎ የሚጨንቀኝ፣ ማባዣውን ራሱን መቼና እንዴት እንደምንፈትነው ነው። ቢሮው አሁንም 0.25 ይላል።

መልስ 1፦ የሞተር ክፍል

መዝገቡን ቀደም ብሎ ማገላበጥ ይገባ ነበር፤ ቢሆንም የተገኘውን ሳይደብቁ ስለጻፉልን ሌሎችም ይማሩበታል።

በ2 ቁጥር የተበላሹትን ሁለት ቫልቮች ብቻ ሳይሆን ስድስቱንም ይለውጡ። አንድ ዕድሜ ያላቸው ናቸውና የቀሩት አራቱም ሩቅ አይሄዱም። የሌሎቹን ሲሊንደሮች መርጫዎችም በሚቀጥለው ማረፊያ ያስረጯቸው። ቧንቧዎቹ ውስጥ አየር እንዳይቀር አስተንፍሱ።

ማባዣውን አሁን አይፈትኑ። የውሃው ሙቀት ተለውጧል፣ ሁለት መርጫዎች ተመልሰዋል፣ 6 ቁጥር ደግሞ ገና በመላመድ ላይ ነው፤ በዚህ መካከል መጠኑን ቢቀንሱ ውጤቱን ከየትኛው እንዳገኙት አያውቁም። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይተው ናሙና ይውሰዱ። ውጤቱ ከረጋ በኋላ ማባዣውን ከላይ ጀምረው በደረጃ ያውርዱ፦ 0.40፣ 0.35፣ 0.30፣ 0.25፤ በእያንዳንዱ ላይ ጭነቱ ሳይለዋወጥ 24 ሰዓት ይሥሩ፤ በየደረጃው መጨረሻ ከስድስቱም ሲሊንደሮች ናሙና ይቅዱ። 6 ቁጥር መላመዱን ካልጨረሰ ከፈተናው ያስወጡት። የተረፈው ቤዝ ነምበር ከ25 በታች መውረድ ሲጀምርና ብረቱ 200 ሲያልፍ ሞተሩ ወሰኑን ነግሮዎታል፤ ከዚያ ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ይቁሙ። ቢሮው የሚፈልገው 0.25 በዚህ ፈተና ካለፈ ደስ ይበላቸው፤ ካላለፈም ቁጥሩን ይዘው ይነጋገራሉ። እርግጥ ይህ ወሰን የሚሠራው ከፍተኛ ቤዝ ነምበር ባለው ዘይት ነው፤ ባለ 40 ዘይት የያዘ ሰው እንዳይጠቀምበት አደራ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲሳሳቱበት የማየው አንድ ነገር ደግሞ አለ። አዲስ ነዳጅ ስትረከቡ የሰልፈሩን ቁጥር ወደ መቆጣጠሪያው የምታስገቡት ነዳጁ መርከቡ ላይ በተጫነበት ቀን ሳይሆን ሞተሩ ላይ በሚደርስበት ሰዓት ነው። የዕለት ታንኩ እስኪለወጥ ድረስ ሞተሩ የሚያቃጥለው አሮጌውን ነው።

ጠያቂ፦ ሁለተኛ መሐንዲስ

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣውን ውጤት ለማሳወቅ ተመልሻለሁ። በ2 ቁጥር ብረቱ 175፣ የተረፈው ቤዝ ነምበር 30 ሆኗል። በ6 ቁጥር ብረቱ ወደ 230 ወርዷል፤ ባለፈው ሳምንት በመርከብ ላይ ስንለካው ከዚህ ከፍ ያለ ነበርና አሁንም በመውረድ ላይ ነው። የ4 ቁጥር መርጫዎች ሲፈተኑ አንዱ ቫልቭ ደካማ ሆኖ ስለተገኘ ተለውጧል። ዋና መሐንዲሳችን ከሚቀጥለው ወደብ ከወጣን በኋላ ያለውን ረጅም ጉዞ ለደረጃ ፈተናው መድበውልናል፤ 6 ቁጥርን ሳይጨምር በ0.40 እንጀምራለን።